ስመው ብቻ ነው የሚመለሱት?

እስቲ ልጠይቅዎ! ዘወትር እሑድ በሚያስቀድሱበት ደብር ስምዎን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? «የንስሐ አባቴ» እንዳይሉኝ ብቻ! እሳቸውንም ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳገኟቸው ልብዎ ያውቀዋል...

እኔም ከእርስዎ አልሻልም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደብር ዘጠኝ ዓመት አስቀድሻለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ እቆማለሁ፣ «እትዉ በሰላም» ሲባል ጫማዬን አጥልቄ እብስ! ታዲያ አንድ ጊዜ ታምሜ ሁለት ወር አልጋ ላይ ስውል ከዚያ ደብር በሬን ያንኳኳ አንድ ሰው አልነበረም። ተቀየምኩ። «ፍቅር ጠፋ፣ ክርስትናም በስም ቀረ» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ከዳንኩ በኋላ ለስለት ላስታ ሄድኩ። ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘውን ነአኩቶ ለአብን ታውቁታላችሁ? በዛጉዌው ንጉሥ ስም የሚጠራ፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ... ጠብ... እያለ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናን ለጠበል ይወስዱታል።

ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዴ ልወጣ ስል አንዲት አሮጊት ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ሰንበቴ ሳትቀምስ ወዴት ነው?» አፈርኩና ተቀመጥኩ። ዳቦ ተቆረሰልኝ፣ ጠላ ተቀዳልኝ። የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። ስሜን ስነግራቸው ቂሜም አብሮ ወጣ፤ የደብሬን ሰዎች አንድ በአንድ ከሰስኳቸው።

ሴትየዋ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እኒያ ሰዎች ሲታመሙ አንተ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?» አሉ።

«ማን እንደታመመ በምን አውቄ፣ እናቴ?»

«እነሱስ በምን ይወቁ፣ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሰዓት ሙሴው፣ ማለት የሰንበቴው ኃላፊ፣ የቀሩ ሰዎችን ይጠይቃሉ። ባለፈው ሳምንት ተራዋን ያወጣች አንዲት ሴት የለችም። «ያለ ነገር አትቀርም» ተባለና ዳቦ ተቆርሶ ልጅ ተላከላት። ጨዋታው የገባኝ ያኔ ነው። ተራ ያለው ሰው ሲቀር ይታወቃል፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተራ አልነበረኝም!

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሞከርኩት ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ተጋባዥ መሆን አይጠብቁ። ሰንበቴ ወይም የጽዋ ማኅበር ካለ ሙሴውን ፈልገው «ቦታ አለ ወይ?» ይበሉ። እኔ የጀመርኩት ዋንጫ በማጠብ ነው። የመጀመሪያዎቹ እሑዶች ያሳፍራሉ፤ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ እጅዎ የሚያውቀውን ይስጡ። ሒሳብ ያውቃሉ? አናጢ ነዎት? ሰበካ ጉባኤውን ያነጋግሩ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትንና ምእመናንን አንድ ላይ ያስቀመጠበት ጉባኤ ስለሆነ «የቄሶች ጉዳይ ነው» ብሎ ማምለጥ የለም። ልጆችዎም ሰንበት ትምህርት ቤት አላቸው።

ሦስተኛ፣ አቅም ካነሰ አያፍሩ። ኑሮው ተወዷል፤ አንዱን ተራ ሁለት ሆኖ ማውጣትም ይቻላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አይደል የሚባለው?

ነባር አባላት ሆይ፣ እናንተም አላችሁበት! ድግሱን መፎካከሪያ ካደረጋችሁት ድሃው ይሸሻል። ጥግ ላይ ለብቻው የሚቆመውን ሰው እንደዚያች አሮጊት ያዙት፤ ስሙን ጠይቁት።

ነአኩቶ ለአብ ማለት በግዕዝ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። «ላመስግነው» አይልም፤ ስሙ ራሱ ለብቻ አይቆምም።

ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞኝ አንድ እሑድ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሁለት የሰንበቴ ሰዎች ቁራሽ ዳቦ በነጠላ ጠቅልለው ቆመዋል። «ምነው ጠፋህ?» አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ጥያቄ ነበር።

እርስዎስ? ተራዎ መቼ ነው?