የመኪና ስምና የቁልፍ ምስጢር

ስም የሚጠቅመው ሁሉም ሲያውቀው ነው፤ ምስጢር ግን የሚጠቅመው ከባለቤቱ በስተቀር ማንም ሳያውቀው ሲቀር ነው። ይህ ቀላል ልዩነት በተሽከርካሪዎችም ዘንድ አለ። በአንድ ዘመናዊ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት መለያዎች ይገኛሉ። አንደኛው በሻንሲው ላይ የተቀረጸውና በሊብሬው ላይ የሰፈረው ቁጥር ሲሆን እርሱ የመኪናው ስም ነው። ሁለተኛው በቁልፉ እጀታ ውስጥ በተቀበረች ከሩዝ ፍሬ ብዙም በማትበልጥ መሣሪያ ውስጥ ተመዝግቦ የሚገኘው ቁጥር ሲሆን እርሱ ምስጢሩ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ሁለቱ መለያዎች እንዴት እንደሚሠሩ እንመለከታለን። የምናስረዳውም ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ጥሩ ቁልፍ ማለት ምስጢሩን ፈጽሞ ሳይናገር፣ ምስጢሩን እንደሚያውቅ ማረጋገጥ የሚችል ቁልፍ ነው።

የመኪናው ስም

ቀደም ባሉት ዘመናት እያንዳንዱ ፋብሪካ ለሚሠራቸው መኪናዎች በመሰለው መንገድ ቁጥር ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ግን በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ሁሉ 17 ፊደላትና አሃዞች ያሉት አንድ ወጥ ቁጥር እንዲይዙ ተደነገገ። ይኸው አሠራር ዛሬ በአብዛኛው ዓለም ይሠራበታል። የቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች አምራቹን ያመለክታሉ። ከእነርሱም ውስጥ የመጀመሪያው አገሩን ይጠቁማል፤ ለምሳሌ «ጄ» የተባለው የላቲን ፊደል ጃፓንን፣ «ደብልዩ» ጀርመንን፣ «ኬ» ደቡብ ኮሪያን ያሳያል። የሚቀጥሉት ምልክቶች የመኪናውን ዓይነት ሲገልጹ፣ የመጨረሻዎቹ ተከታታይ ቁጥሩን ይይዛሉ። «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት ፊደላት ግን በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም። ምክንያቱም በእጅ ሲጻፉ ከ1 እና ከ0 ጋር በቀላሉ ይምታታሉ።

በአሜሪካና በካናዳ በሚሸጡ መኪናዎች ላይ በዘጠነኛው ቦታ የሚቀመጠው ምልክት ማረጋገጫ አሃዝ ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ፊደል በቅድሚያ በተወሰነለት አሃዝ ይተካል። ከዚያም በየቦታው ያለው አሃዝ በተመደበለት ማባዣ ይባዛል። ማባዣዎቹ በቅደም ተከተል 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 10፣ 0፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 እና 2 ናቸው። ውጤቶቹ ተደምረው ለ11 ሲካፈሉ የሚገኘው ቀሪ ማረጋገጫ አሃዙ ይሆናል። ቀሪው 10 ከሆነ «ኤክስ» የተባለው ፊደል ይጻፋል።

በምሳሌ እንመልከተው። አሥራ ሰባቱም ቦታዎች በ1 ቢሞሉ ድምሩ 89 ይሆናል። 89 ለ11 ሲካፈል 8 ደርሶ 1 ይቀራል፤ በዘጠነኛው ቦታ ያለውም 1 ስለሆነ ቁጥሩ ትክክል ነው። አንድ ጸሐፊ የመጨረሻውን 1 በስሕተት 7 ብሎ ቢገለብጠው ግን ድምሩ 101፣ ቀሪውም 2 ይሆናል። ሁለቱ አይጣጣሙምና ስሕተቱ ወዲያውኑ ይጋለጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡም፣ ማባዣዎቻቸው የተለያዩ ስለሆኑ በአብዛኛው እንዲሁ ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ማረጋገጫ አሃዝ ስሕተትን እንጂ ውሸትን አያጋልጥም። ስሌቱን ማንም ስለሚያውቀው አታላዩም ትክክለኛውን አሃዝ አስልቶ መጻፍ ይችላል። የስም ጥንካሬ በመደበቁ ላይ ሳይሆን በብዙ ቦታ በመታየቱና በመመሳሰሉ ላይ ነው። በሻንሲው ብረት፣ በመለያ ሰሌዳው፣ በሊብሬውና በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። በአገራችን መንገዶች በብዛት የሚታዩት፣ ቪትዝን የመሳሰሉ መጀመሪያ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ደግሞ ባለ 17ቱን ቁጥር አይዙም። የእነርሱ የሞዴሉ መለያና ተከታታይ ቁጥሩ በሰረዝ ተለያይተው የሚጻፉበት አጠር ያለ ቁጥር ሲሆን ማረጋገጫ አሃዝም የለውም። ስለሆነም እነዚህን መኪናዎች በተመለከተ ብረቱን ከሰነዱ ጋር በዓይን ማመሳከር የበለጠ አስፈላጊ ይሆናል።

በብረት ላይ የተቀረጸ ምስጢር

ተራው የብረት ቁልፍ በመሠረቱ ቁጥር ነው። ለምሳሌ በቁልፉ ላይ 7 የጥርስ ቦታዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ ከ4 ጥልቀቶች አንዱን ሊይዝ ቢችል፣ 4 ሰባት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 16,384 የተለያዩ ቁልፎች ይገኛሉ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ምስጢር በግልጽ የተጻፈ ነው። ቁልፉን ለጥቂት ደቂቃዎች በእጁ ያስገባ ሰው ቅርጹን በሳሙና ላይ አትሞ ሊያስቀርጸው ይችላል።

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1986 በኮርቬት መኪናው ቁልፍ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ሰጪ ጨመረበት። መኪናው የተቃውሞውን መጠን ለክቶ ካልተስማማው አይነሳም። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን በጥቅም ላይ የዋሉት መጠኖች 15 ብቻ ነበሩ። ከዚህም በላይ መጠኑን ማንኛውም የኤሌክትሪክ መለኪያ ያነበዋል። ቁልፉ አሁንም ምስጢሩን ለጠየቀው ሁሉ ይናገር ነበር።

ባትሪ የሌለው ተናጋሪ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ኢሞቢላይዘር የተሰኘው መሣሪያ በፋራዳይ የ1831 ግኝት ላይ የተመሠረተ ነው። ቁልፉ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የሽቦ ጥቅል ይገኛል። በዚህ ጥቅል ውስጥ በሴኮንድ 125,000 ጊዜ ገደማ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በዙሪያው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። በቁልፉ እጀታ ውስጥ ያለው ሌላ ትንሽ ጥቅል ከዚህ መስክ ኃይል ይቀበላል፤ ትንሿም ቺፕ ያለ ምንም ባትሪ ትነቃለች። ከዚያም መልሷን በዚያው መስክ አማካይነት ትልካለች። መልሱ ትክክል ካልሆነ ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ቢዞርም ሞተሩ አይሠራም።

የዚህ መስክ ጥንካሬ ከርቀት ጋር እጅግ በፍጥነት ይቀንሳል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ንግግሩ በጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ የሚያልቅ ሹክሹክታ ነው።

ይሁን እንጂ ሹክሹክታም ይሰማል። የመጀመሪያዎቹ ቺፖች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይናገሩ ስለነበር፣ ያን ቁጥር አንድ ጊዜ ያነበበ መሣሪያ ቁልፉን መተካት ይችላል። ምስጢሩ በተናገሩት ቁጥር ወደ ስምነት ይለወጣል። መፍትሔው የጥያቄና መልስ ዘዴ ሆነ።

አንድ የጥበቃ ወታደርና ጓዱ በምስጢር የተስማሙበት ስሌት አለ እንበል፤ «የተሰጠህን ቁጥር በ7 አባዛ፣ 3 ደምር፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ተናገር»። ጠባቂው «12» ሲል ጓዱ «87» ይላል። በማግሥቱ ጠባቂው «25» ይላል፤ ጓዱም ከ178 ላይ «78» ብቻ ይመልሳል። የትናንቱን «87» ሰምቶ ዛሬ የሚደግም ጠላት አይገባም። ነገር ግን ብልህ ጠላት ሁለቱንም ውይይቶች ከሰማ፣ 178 ላይ 87 ቀንሶ 91 ያገኛል፤ 25 ላይ 12 ቀንሶ 13 ያገኛል፤ 91ን ለ13 ሲያካፍል 7 ይደርሰዋል። 3ን ማግኘት ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። እንግዲህ የጥያቄና መልስ ዘዴ የሚጠቅመው፣ ከመልሱ ተነሥቶ ወደ ምስጢሩ መመለስ የማይቻልበት ስሌት ሲኖር ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በሚሊዮን በሚቆጠሩ መኪናዎች ቁልፎች ውስጥ የነበረ አንድ ቺፕ የ40 ቢት ምስጢር ይዞ ነበር። 2 አርባ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,099,511,627,776 ይሆናል። ቁጥሩ ለሰው ብዙ ቢመስልም ለመሣሪያ ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች፣ ፋብሪካው የደበቀውን ስሌት ፈልቅቀው ካወጡ በኋላ፣ 16 ቺፖችን ጎን ለጎን አሠርተው የአንድን ቁልፍ ምስጢር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አገኙት። ኦገስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ያስተማረው ትምህርት ችላ ተብሎ ነበር፤ የምስጢር ዘዴ ስሌቱ በጠላት እጅ ቢገባም መጽናት አለበት፣ ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። የምስጢሩ ርዝመት በአንድ ቢት በጨመረ ቁጥር የሌባው ድካም በእጥፍ ያድጋል። 40 ቢት በአንድ ሰዓት ቢፈተሽ፣ በዚያው ፍጥነት 128 ቢትን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ጊዜ ከዓለማት ዕድሜ ከ2 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ይሆናል።

ሪሞት እና ርቀት

በሩን ከሩቅ የሚከፍተው ሪሞት ሌላ ችግር አለበት። ብዙውን ጊዜ መናገር እንጂ መስማት አይችልም፤ ስለዚህ ጥያቄ ሊቀርብለት አይችልም። በመሆኑም ሪሞቱና መኪናው ተመሳሳይ ቆጠራ ይይዛሉ። አዝራሩ በተጫነ ቁጥር ቆጠራው በአንድ ያድጋል፤ ተመስጥሮም ይላካል። መኪናው ያለፈውን ቁጥር ዳግመኛ አይቀበልም። ልጆች ከመኪናው ርቀው አዝራሩን ቢጫወቱበትም፣ መኪናው ጥቂት ቁጥሮች ወደፊት ተመልክቶ ይደርስበታል። ከእነዚህ ዘዴዎች እጅግ የታወቀው ኪሎክ የተባለው ሲሆን፣ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጀርመን የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ቺፑ በሚያሰላበት ጊዜ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ በመለካት ምስጢሩን አወጡት። ስሌቱ ዝም ቢልም ኤሌክትሪኩ ተናገረ ማለት ነው።

ከኪስ ሳይወጣ መኪና የሚያስነሣው አዲሱ ቁልፍ ደግሞ አንድ የተሳሳተ ግምት ይዞ መጣ፤ «መልሱ ከተሰማ ቁልፉ ቅርብ ነው» የሚል ግምት። እ.ኤ.አ. በ2011 በዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች 10 የመኪና ሞዴሎችን ፈተሹ። አንድ መሣሪያ በመኪናው አጠገብ፣ ሌላውን በቁልፉ አጠገብ አድርገው ንግግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፉ አሥሩም ተከፈቱ፤ ተነሡም። ምስጢሩ አልተደፈረም፤ የተሸነፈው የርቀት ግምቱ ነው።

መፍትሔው ከፊዚክስ የተገኘ ነው። ብርሃንና የሬድዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሴኮንድ ማለትም በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ የሚጓዙት 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የሚፈጥን የለም፤ ሌባም ሞገዱን ሊያፈጥነው አይችልም። መኪናው ጥያቄው ተልኮ መልሱ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በናኖ ሴኮንዶች መለካት ከቻለ ቁልፉ በእርግጥ የት እንዳለ ያውቃል። በጣም አጫጭር የሬድዮ ምቶችን የሚጠቀሙ አንዳንድ አዳዲስ ቁልፎች ይህንኑ ያደርጋሉ።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

አንባቢ፣ ቁልፎቹ ሁሉ የሚሸነፉ ከሆነ ድካሙ ለምን ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ከሁለት አገሮች ልምድ ይገኛል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 ጀምሮ ኢሞቢላይዘር በአዳዲስ መኪናዎች ላይ አስገዳጅ አደረገች፤ አሜሪካ ግን አላስገደደችም። በአሜሪካ በ2015 ሞዴሎች፣ ከሃዩንዳይና ከኪያ መኪናዎች ውስጥ መሣሪያው ከፋብሪካ ገጥሞ የመጣው በ26 በመቶው ብቻ ሲሆን፣ በሌሎች አምራቾች ግን 96 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ወጣቶች እነዚህን መሣሪያው የሌላቸውን መኪናዎች በብዛት መስረቅ ጀመሩ፤ አደጋም የሰው ሕይወትም ጠፋበት። ፍጹም ያልሆነ ቁልፍም ቢሆን ከሌለ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ለዕለት ኑሯችን የሚሆን ምክር እናገኛለን። ያገለገለ መኪና ስንገዛ ኮፈኑን ከፍተን በብረቱ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አሃዝ በአሃዝ እናመሳክር፤ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ መስሎ ከታየን እንጠርጥር። ሁሉንም ቁልፎች እንቀበል፤ የማናውቃቸው ቁልፎች ከመኪናው መዝገብ እንዲሰረዙም እናድርግ። ቺፕ ያለው ቁልፍ ሲጠፋ ብረቱን ማስቀረጽ ብቻ እንደማይበቃና አዲሱ ቺፕ በመኪናው ኮምፒውተር መመዝገብ እንዳለበት እንወቅ። ከኪስ ሳይወጣ የሚሠራ ቁልፍ ያለን ደግሞ ማታ ማታ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ብናስቀምጠው ሞገዱ ከቆርቆሮው አልፎ አይሰማም። ስሙን ለሁሉም እናሳይ፤ ምስጢሩን ግን ከሚሰማ ጆሮ እናርቅ።