ከባድ ቃጠሎና የመላ ሰውነት ብግነት

የሚጥል በሽታ ያለባት፣ 60 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ምድጃ ላይ ወድቃ፣ 30 በመቶ የሚሆነው ቆዳዋ በጥልቀት ተቃጥሎ ከቀኑ 7 ሰዓት ጤና ጣቢያ ደረሰች እንበል። ትናገራለች፤ የደም ግፊቷም አልወረደም። ይሁን እንጂ ሕይወቷ በአደጋ ላይ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከቁስሉ ባሻገር መመልከት ያስፈልጋል።

የተጎዱ ሕዋሳትና ወደ ቁስሉ የሚደርሱ ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ሂስታሚን፣ ፕሮስታግላንዲንና ሳይቶካይን ያሉ ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። ቃጠሎው ትንሽ ሲሆን እነዚህ ኬሚካሎች በአካባቢው ተወስነው ለቁስሉ መዳን ይረዳሉ። በአዋቂ ሰው ከቆዳው ስፋት 20 በመቶ ያህሉን ሲያልፍ ግን በደም አማካይነት ወደ መላው አካል ይሰራጫሉ። በዚህ ጊዜ ባልተቃጠለው የአካል ክፍል የሚገኙ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ጭምር ውኃ፣ ጨውና ፕሮቲን ያሾልካሉ። ሰውነት ያብጣል፤ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ይጎድላል፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ይህ ሁኔታ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን እስከ 24 ሰዓት ገደማ ይቀጥላል። የደም ግፊት የሚወርደው ዘግይቶ ስለሆነ መተማመኛ አይሆንም።

ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የታወቀው የፓርክላንድ ቀመር በኪሎ ግራም ክብደትና በእያንዳንዱ የቃጠሎ መቶኛ 4 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት እንዲሰጥ ያዝዛል። ከመጠን ያለፈ ፈሳሽ ሳንባን፣ ሆድንና እጅና እግርን በእብጠት ስለሚጎዳ፣ ዛሬ በእሳት ለተቃጠለ አዋቂ በ2 ሚሊ ሊትር መጀመር ይመከራል። ቆዳው ቀልቶ ብቻ የቀረ ቦታ በስሌቱ አይገባም። ስለዚህ ለታማሚዋ በ24 ሰዓት 3,600 ሚሊ ሊትር ይታሰባል፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት፣ ቀሪው በ16 ሰዓታት ይሰጣል።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተቃጠለችበት ጊዜ እንጂ ከደረሰችበት አይደለም። እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የቀረው 5 ሰዓት በመሆኑ፣ 1,800ው ሚሊ ሊትር በሰዓት 360 እየሆነ ይገባል። ከዚያ በኋላ መሪያችን ሽንት ነው፤ ለእርሷ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ቢያንስ ፈሳሹ ይጨመራል፤ ቢበዛ ይቀነሳል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታይ ትኩሳትም ከብግነቱ ሊመጣ ስለሚችል፣ እርሱ ብቻውን አንቲባዮቲክ ለማዘዝ ምክንያት አይሆንም።

ታማሚዋ ወደ ሆስፒታል የምትላክ ከሆነ የተቃጠለችበት ሰዓት፣ የተሰጣት ፈሳሽና የሽንቷ መጠን በሪፈራል ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ተቀባዩ ሐኪም ስሌቱን በትክክል ሊቀጥል የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነው።