ጮማውን አትጣሉት

ሐዋሳ ፒያሳ ካፌ ገብቶ የምግብ ዝርዝር ለሚያገላብጥ ሰው በርገር እንግዳ ምግብ አይደለም። ኖርማል፣ ቺዝ፣ ስፔሻል እየተባለ ከክለብ ሳንዱች ጎን ተሰልፎ ይገኛል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ባብዛኛው ከላይ የሚደረበው ነው፤ ለአንዱ ቺዝ፣ ለሌላው እንቁላል ጥብስና ሞርታዴላ፣ ለሁሉም ከጎኑ ችፕስ። ማክዶናልድስ ኢትዮጵያ ውስጥ ቅርንጫፍ ሳይከፍት በርገር የወጣቱ ምሳ መሆኑ የሚገርም ነው። ነገር ግን ሥጋውን ለብቻው አውጥቶ የቀመሰው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ የዳቦ ፍርፋሪና ቅመም የተለወሰበት ጥብስ ነው። ቤት ውስጥ የሚሞክረውም ይህንኑ ይከተላል። በእኔ እምነት ግን ጥሩ በርገር ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነገር ነው የሚፈልገው። የሚፈልገውም በሥጋ ቤቶቻችን ሞልቷል። ችግሩ ሥጋው የሚያስፈልገውን ጮማ አውጥተን የማያስፈልገውን እንቁላልና ዳቦ መጨመራችን ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥጋው። በርገር በአሜሪካ ሲስፋፋ ትልቁ መሰናክል የነበረው የሰው ጥርጣሬ ነው፤ የተፈጨ ሥጋ ውስጥ ምን እንደገባ ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1906 የአፕተን ሲንክሌር መጽሐፍ የቺካጎን የሥጋ ፋብሪካዎች ቆሻሻ ካጋለጠ በኋላ ጥርጣሬው ባሰ። እ.ኤ.አ. በ1921 ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ከተማ የተመሠረተው ዋይት ካስል የምግብ ቤቶቹን ግድግዳ ነጭ አድርጎ፣ ሥጋውን ደንበኛው ፊት እያበሰለ ነው ያንን ጥርጣሬ ለማሸነፍ የታገለው። ለእኛ ይህ ችግር ግማሹ የተፈታ ነው። የሐዋሳ ሥጋ ቤት ብልቱን ሰቅሎ ያሳያል፤ ገዢው በጣቱ ጠቁሞ "ከዚህ ቁረጥልኝ" ይላል። ይህን ዕድል ግን በማሽን የተፈጨ ሥጋ በገዛን ቁጥር እናባክነዋለን። ማሽኑ ከእኛ በፊት ምን እንደፈጨ፣ መቼ እንደታጠበ አናይም። ስለዚህ ሙሉውን ሥጋ ገዝቶ ቤት መክተፍ ይሻላል። ለዚህ ደግሞ መምህር አያስፈልገንም፤ ክትፎ የሚከትፍ እጅ ለበርገር ሥጋ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም የበርገሩ አከታተፍ ይቀላል፣ እንደ ክትፎ መላም አይጠበቅበትም፤ የምስር ፍሬ ያህል ሲደርስ ይበቃዋል።

"የእኛ ሥጋ ጠንካራ ነው፤ ለበርገር የሚሆነው የፈረንጅ ከብት ነው" የሚል ክርክር ይነሣል። ጥንካሬው እውነት ነው፤ ምክንያቱም አለው። ሥጋ ከብቱ ከታረደ በኋላ ይጠነክራል፣ ከዚያ በራሱ ኢንዛይሞች እየለሰለሰ የሚሄደው ቅዝቃዜ ውስጥ ለቀናት ሲቆይ ነው። የእኛ ሥጋ ቤት ግን ሌሊት የታረደውን በማግስቱ ስለሚሸጥ ሥጋው ይህን ጊዜ አያገኝም። ለስቴክ ጉዳት ነው። ለበርገር ግን አይደለም፤ ጊዜ ያላለሰለሰውን ክር ቢላዋ ቆርጦ ይጨርሰዋልና። እንዲያውም በታረደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የተከተፈ ሥጋ ውሃውን የመያዝና እርስ በርሱ የመያያዝ ኃይሉ ከቆየው ይበልጣል። ጠንካራ ብልቶች ሥራ ስለሚበዛባቸው ጣዕማቸውም ጥልቅ ነው። ስለዚህ ለጥሬና ለክትፎ የሚፈለገውን ሥጋ ለባለቤቱ ትቶ ወርችን መጠየቅ ለበርገር ያዋጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጮማው እንምጣ። ክትፎ ሲዘጋጅ ጅማትና ጮማ ተለቅሞ ይወጣል፤ ቀይ ሥጋ ብቻ ይቀራል። ይህ ልማድ ወደ በርገር ሲሻገር ውጤቱ ደረቅ፣ የሚሰባበር፣ ውሃ ካልጠጡበት የማይዋጥ ሥጋ ነው። ክትፎ የማይደርቀው የተወሰደበት ጮማ በንጥር ቅቤ ስለሚተካለት ነው። የተከተፈ ቀይ ሥጋ ለብቻው እንደማይበቃ አባቶቻችንም እናቶቻችንም ያውቃሉ ማለት ነው። ታዲያ በርገሩም ላይ ቅቤ ቢጨመርስ? አይሆንም። ቅቤ ከሥጋ ጮማ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ሥጋው ገና ሳይበስል ወደ መጥበሻው ይወርዳል። የከብቱ የራሱ ጮማ ግን ቀስ እያለ ስለሚቀልጥ በክሮቹ መካከል ይቆያል። የተለመደው መጠን ከአምስት እጅ አንዱ ነው፤ ለአንድ ኪሎ 800 ግራም ቀይ ሥጋና 200 ግራም ጮማ። ወርቹ ላይ ከፍሪምባ ቢደባለቅበት መጠኑ በራሱ ይቀርባል። ሞራ ግን አይመከርም፤ ለመቅለጥ ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ ምግቡ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ይረጋል።

"ያለ እንቁላል እንዴት ይያዛል?" ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ጥያቄው የመጣው ቀይ ሥጋ ብቻ ሲጠበስ ሲፈራርስ ከማየት ነው። ሥጋ የራሱ ማያያዣ ፕሮቲን አለው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሳይታሽ በእጅ ተሰብስቦ ከተጫነ ራሱን ይይዛል። ቤተሰቡ ብዙ ሆኖ ሥጋው እንዲበረክት ዳቦና እንቁላል የሚጨምረውን ሰው ግን አልነቅፍም፤ በዚህ ኑሮ ውድነት ተገቢ ብልሃት ነው። ጣሊያኖች ፖልፔቴ የሚሉት ምግብ እንዲህ ያለ ነው፤ በወጥም በዳቦም ይጣፍጣል። በርገር ግን አይደለም። ሥጋ ለማብቃቃት ሲፈለግ የተሻለው መንገድ ጥብሱን ማሳነስ ነው፤ ከአንድ ኪሎ በ125 ግራም ስምንት ይወጣል፣ በ100 ግራም አሥር።

ጨውም የራሱ ጊዜ አለው። ከሥጋው ጋር ቀድሞ ሲታሽ ፕሮቲኑን ያሟሟና የላላውን ሥጋ እንደ ቋሊማ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ሥጋው መጥበሻ ላይ ሊወርድ ሲል ከላይ ይነሰነሳሉ። ሽንኩርትም ከውጭ ይሁን፤ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይለቃል፣ ውሃ ደግሞ የጥብስ ጠላት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሥጋው ገጽ እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የፈረንሳዩ ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ ጥብስን ጥብስ የሚያሰኘው ቡናማ ቀለምና ሽታ የሚፈጠርበት ሂደት ግን በደንብ የሚፈጥነው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ወፍራም መጥበሻ በደንብ ይጋል፣ ሥጋው አይደራረብ፣ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ በማንኪያ አይጨመቅ። ኤሌክትሪክ ምድጃ ለሚጠቀም ሰው ሁለት ሁለት እያደረጉ መጥበስ ይሻላል፤ አራት ቀዝቃዛ ሥጋ በአንዴ ሲወርድበት መጥበሻው ይበርድና ጥብሱ ቅቅል ይሆናል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ለሚበላ ሰው በርገር ላይ "በደንብ ይብሰል" ማለት ምን ትርጉም አለው? ትርጉም አለው። ጎጂ ተሕዋስያን በአብዛኛው የሚገኙት በሥጋው ገጽ ላይ ነው። ሲከተፍ የውጩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሥጋው በቆየ ቁጥርም ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በምዕራብ አሜሪካ በደንብ ባልበሰለ በርገር ሰበብ ከ700 በላይ ሰዎች በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል። ክትፎም ቢሆን ከአደጋ ነፃ ሆኖ አያውቅም፤ የኮሶ ትል እጭ ሥጋው ውስጥ ስለሚቀመጥ ንጹሕ ቢላዋ አያስወግደውም፣ ሙቀት እንጂ። ለልጆች በሚቀርብ ምግብ ላይ በዚህ ነገር መደራደር አይገባም። ለተከተፈ የከብት ሥጋ የሚመከረው የውስጥ ሙቀት 71 ዲግሪ ነው። የትኩሳት መለኪያ እዚያ አይደርስም፤ የምግብ መለኪያ የሌለው ሰው ጥብሱን ከአንድ ተኩል ሴንቲሜትር ሳያበልጥ ቀጠን አድርጎ፣ መሐሉን በአውራ ጣት ዝቅ አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አራት ደቂቃ ያህል ይጥበሰው። ከዚያ አንዱን ቆርጦ ይየው፤ የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ ከሆነ ሁሉም ይመለሳሉ። ጮማው ቀድሞ ስለገባበት በዚህ ደረጃ የበሰለ ሥጋ አይደርቅም። ቀይ ሥጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይደርቅ ነበር።

ሐዋሳ ከተነሣች ዓሣ አይቀርም። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በሚመጣ ቆሮሶም በርገር መሥራት ይቻላል። እዚያ ላይ ግን እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ቦታቸው ነው፤ ዓሣው ጮማ የለውም፣ ሥጋውም ሲበስል ስለሚላላጥ ማያያዣ ይፈልጋል።

ወደ ሥጋው በርገር ስንመለስ፣ ዳቦው ለስላሳ ክብ ዳቦ ይሁን። ቅርፊቱ ጠንካራ ሲሆን ሲገመጥ ሥጋው ከኋላ ይወጣል። ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ መጥበሻው ላይ ቢገለበጥ የሥጋውን ፈሳሽ ሳይበሰብስ ይይዛል፤ ቅቤ በርገር ውስጥ ቦታው እዚህ ነው። ቺዝ የሚወድ የሚቀልጠውን ይግዛ፤ አይብ አይቀልጥም፣ ይፈረፈራል። ቲማቲም፣ ሰላጣና በስሱ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት ይበቃሉ። አሜሪካኖች ሰናፍጭ የሚቀቡበት ምክንያት ጮማን የሚቆርጥ ነገር ስለሚያስፈልግ ነው፤ እኛም ለጥሬ ሥጋ ሰናፍጭ የምናቀርበው ለዚሁ ነው። ስለዚህ በቤት የተበጠበጠ ሰናፍጭ ካለ ማዮኔዙ ይቅር። ከከተፉት ሥጋ የተረፈ ካለ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ ጠብሶ መጨረስ ነው፤ በሐዋሳ ሙቀት፣ መብራትም በሚጠፋበት ቤት፣ የተከተፈ ሥጋ ለነገ አይቀመጥም።