ባቡራችን መገንጠያው ላይ ለምን ዘለለ?

ሐዋሳ ባቡር የላትም። ባጃጅ አላት፣ ጀልባ አላት፣ ብስክሌትም አይጠፋም። ከሞጆ ወደ እኛ የሚመጣ የባቡር መስመር ታቅዷል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እናላችሁ፣ እኔ መጠበቅ ሰለቸኝና ባቡሩን ግቢያችን ውስጥ አስገባሁት።

ባቡር ስል የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ስትመጣ በሻንጣዋ የያዘችልኝ ያገለገለ አሻንጉሊት ነው። ኤልጂቢ ይባላል፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ኑረምበርግ ውስጥ የተጀመረ፣ ዝናብና ፀሐይ እንዲችል ሆኖ ለጓሮ የሚሠራ ነው። የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር። ቀጥ ያለውንና ጎበጥ ያለውን ሐዲድ ከቀጭን ጠፍጣፋ ብረት ራሴ ሠራሁት። ቁራጭ ጽድ እንጨት ከሥሩ ደረደርኩ፣ 00 ጠጠር አለበስኩት፣ በቃ ሄደ። ጣጣው የመጣው መስመሩን ለሁለት ልክፈለው ስል ነው። የተዘጋጀውን መገንጠያ ከውጭ ማስመጣት ለኔ ኪስ የሚታሰብ አልነበረም።

የእናቴ ታላቅ ወንድም እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ግቢ ውስጥ ሐዲድ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል፤ ግቢ የሚወጡት ፀሐይ ለመሞቅ ነው። ብረት ስሞርድ ሰምተው «ምንድን ነው የምትሠሪው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ስፋቱ ስንት ነው?»

«45 ሚሊ ጋሼ። ከእውነተኛው ባቡር በ22.5 እጥፍ ያነሰ ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው አሰሉ። «አንድ ሜትር ነዋ! የኛ ሐዲድ ነው!»

እውነታቸውን ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው፣ ለገሀርን ስሟን ያወረሳት የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። የሚገርመው ደግሞ ይኼው 45 ሚሊ በ32 ሲባዛ 1,440 ይመጣል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመርም ሆነ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ስፋታቸው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ባቡሩን ትንሽ አሳንሰው በዚሁ ሐዲድ ላይ አዲሱን ዓይነት ይነዳሉ። አሮጌውም አዲሱም እኛ ግቢ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። ጋሼ ግን አዲሱን አልፈለጉም።

መገንጠያ ምን እንደሆነ ለማየት ስታዲየም አካባቢ ቀላል ባቡሩን ተመልከቱ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ከዚያ ወደየራሳቸው ይለያያሉ። እዚያ መለያያው ላይ ሁለት ሹል ብረቶች አሉ፤ ምላስ እንበላቸው። ግራና ቀኝ እየተገፉ ባቡሩን ወደ አንዱ መንገድ ይልኩታል። ትንሽ ወረድ ብሎ የአንዱ መስመር ሐዲድ የሌላውን ያቋርጣል። እዚያ ጋ ያለውን ሹል ጫፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «እንቁራሪት» ይሉታል። የባቡር ጎማ በውስጥ በኩል ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ከንፈሩ እንዲያልፍ ሐዲዱ እዚያ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። ችግሩ ሁሉ ያ ክፍተት ነው።

እኔ 4 ሚሊ ከፈትኩለት። ሰፋ ቢል ይሻላል ብዬ! ባቡሩ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ዘለለና ጠጠሩ ላይ ተጋደመ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ ሰባቴ ወደቀ። የጎረቤት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሰለቻቸውና ሄዱ። ስልኬን መሬት ላይ አጋድሜ በስሎ ሞሽን ቀረጽኩት። ለካ ከንፈሩ የእንቁራሪቷን ጫፍ መትቶ እየወጣባት ነው።

ጋሼ ቪዲዮው አይታያቸውም። አጠገቡ ቁጢጥ ብለው በአውራ ጣታቸው ጫፉን ዳበሱት፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ማዶኛው ሐዲድ ወሰዱት። «ጫፉን ተይው። ጎማውን በጀርባው ያዢው» አሉኝ።

ከማዶ በኩል ከዋናው ሐዲድ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ አጭር ጠባቂ ሐዲድ አለ። ሥራው የማዶኛውን ጎማ ከጀርባው ይዞ መሳብ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ስለታሰሩ ይኼኛውም ከጫፉ ይርቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። በባቡሬ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 40 ሚሊ፣ የከንፈሩ ውፍረት 1.5፤ ድምር 41.5። ከ45 ላይ የጠባቂውን 4 ሚሊ ክፍተት ስንቀንስ 41 ይቀራል። ግማሽ ሚሊ ጎደለ፤ ጫፉን የምትመታው እሷ ናት። ክፍተቱ 3 ሚሊ ቢሆን 42 ይኖረናል፣ ይበቃል።

3 ሚሊ በምን ይለካል? ሲም ካርድ ስትገዙ ሲሙ የሚላቀቅበት ትልቁ ላስቲክ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ነው። አራቱን ደራርቡ፣ 3.04። መሳቢያ ውስጥ የተጣሉትን ሰብስቤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ሰክቼ ልኩን ያዝኩ፤ ሲበየድ እንዳይቀልጡ አወጣኋቸው።

ሌላም ጣጣ ነበር። ይህ ባቡር ኤሌክትሪኩን ከሐዲዱ ነው የሚወስደው፤ እንቁራሪቷ ላይ ሁለቱ ሐዲዶች ስለሚገናኙ ሾርት ያደርጋል። እሱን ተውኩትና ሆዱ ውስጥ ባትሪ ከተትኩበት። የሐዋሳ ፀሐይስ? 6 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 2 ሚሊ ያህል ይረዝማል። እኩለ ቀን ላይ ምላሱ አልንቀሳቀስ ሲለኝ የሐዲዱን መጋጠሚያዎች ከፈት አደረግኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ወንበራቸውን መገንጠያው አጠገብ አስወጡ። መዘውሩን ራሳቸው ያዙ። ባቡሩን ለቀቅኩት። እንቁራሪቷ ላይ ሲደርስ «ጠቅ» አለ፤ ሁለተኛው ጎማም «ጠቅ»፤ ወደ ግራ ታጥፎ ከማንጎው ሥር አለፈ።

«መልሺው» አሉኝ።

መለስኩት። ምላሱን ወደ ቀኝ ገፉት፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አደመጡ። እስኪመሽ አሥራ አንድ ጊዜ አስመለሱኝ። እናቴ ቡና ቀርቧል ብላ ስትጠራን ሳይነሡ «ይህን ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዓመቴ!» አሉና ወዲያው «ቀጥሎ መስቀለኛውን እንሥራ፤ እሱ አራት እንቁራሪት አለው፤ ላስቲኩን ከወዲሁ ሰብስቢ» አሉኝ።