ከገና ዳቦ በፊት የሚቆረስ የሽምብራ ብስኩት

በዓል ሲቃረብ የሴቶች ወሬ ዶሮው ስንት ገባ፣ ሽንኩርቱ ስንት ሆነ፣ ቅቤው ከየት ይምጣ ነው። በእኛ ቤት ግን ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዳቦው ሲቆረስ ልጅቷ ምን ትይዛለች?

የልጅ ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ስንዴና ገብስ አትበላም። አልወድም ብላ አይደለም፤ አንጀቷ ስለማይቀበለው ነው። ሕመሙ ሲሊያክ ይባላል። ስሙን የሰማነው 4 ዓመት ሲሞላት ነበር። ከዚያ በፊት ሆዷ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመላለስባታል፣ እኩዮቿ ቁመት ሲጨምሩ እሷ ባለችበት ቆማለች። የአሜባውም፣ የጃርዲያውም፣ የወስፋቱም መድኃኒት በየተራ ተሰጣት። በመጨረሻ አንዲት የሕፃናት ሐኪም የደም ምርመራ አዘዘችላት፤ ቀጥሎም ከትንሹ አንጀቷ ናሙና ተወስዶ ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስንዴና በገብስ፣ እንዲሁም በአገራችን ብዙ በማይታወቀው ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚሉት ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ሲጎትቱት እንደ ጎማ የሚለጠጠው በእሱ ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ሰውነት ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረውና ሲዋጋው የራሱን አንጀት ይጎዳል። በትንሹ አንጀት ውስጥ ምግብን የሚመጡት ጣት የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች እየተላጩ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ልጁ ይበላል፣ የበላው ግን ሰውነቱ ላይ አይውልም። ሕክምናው አንድ ነው፦ ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው። እዚህ ላይ ለእናቶችና ለአያቶች አደራ የምለው ነገር አለ። ልጃችሁን ከጠረጠራችሁት ሳታስመረምሩ ስንዴ አታቋርጡበት። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ግሉተንን ሲዋጋ የሚያመነጨውን ነገር ስለሆነ፣ ስንዴው ከቆመ ቆየት ሲል ውጤቱ ሊያታልል ይችላል።

የሕመሙ ታሪክ ራሱ ከዳቦ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት፣ ኔዘርላንድስ ጽኑ ረሃብ ገባባት፤ ዳቦም ጠፋ። ዊለም ካረል ዲክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ስንዴን ከዚህ ሕመም ጋር አያይዞ መጠርጠር የጀመረው ከዚያ በፊት ነበር። በዚያ ክፉ ክረምት እነዚህ ታማሚ ልጆች እንደ መሻል ሲላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ሕመሙ ሲመለስባቸው ጥርጣሬው ጠነከረ። በ1950 ጥናቱን አቀረበ። የልጅ ልጄ እንጀራዋን በልታ ስትሮጥ ሳይ ያ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ያላየሁትን ሰው አመሰግናለሁ።

እንጀራ ካልኩ አይቀር፣ ጤፍ ግሉተን የለበትም። ለኛ አገር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ከቤት ሲወጣ ነው። ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ስንዴም ገብስም ሊኖርበት ይችላል። ወፍጮ ቤቱም ሌላ ጣጣ ነው። የሰው ስንዴ ወርዶ የእኛ ጤፍ ሲገባ በድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት አብሮ ይወርዳል። ልጄና ባለቤቷ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ አፈላልገው አግኝተዋል፤ የልጅቷ ምጣድም ለብቻው ነው። ስለዚህ የአዘቦቱ ማዕድ መልክ ይዟል። የበዓሉ ነው የከበደን።

ገና ያለ ድፎ ዳቦ አይሆንም። ባለቤቴ ተነስቶ፣ መርቆ ይቆርሳል፤ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ከአያታቸው እጅ ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እናቷ ሙዝና ፈንዲሻ በሳህን አቅርባላት ነበር። ልጅቷ ሳህኑን አላየችውም፤ የምታየው የአያቷን እጅ ነበር። የምናከብራቸው አንዲት የሰፈር እናት ቁራሽ ቆርሰው፣ “ለበረከት እኮ ነው፤ ይህቺ ምን ታደርጋታለች?” አሉ። ክፋት የለባቸውም። እንዲህ የሚል ዘመድ የሌለው ቤት ያለ አይመስለኝም። “እናቴ፣ ለእሷ ቁራሽም ብዙ ነው” ብዬ ተቀበልኳቸው። እውነትም ነው፤ ለዚህ ሕመም ትንሽ የሚባል ስንዴ የለም። ማታ ላስተኛት ስል ልጅቷ፣ “እማማ፣ በረከት ያለው ስንዴ ውስጥ ነው?” አለችኝ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ ነገር አያበዛም። “ለሁሉም የሚበቃ ከሠራሽ እኔ እቆርሰዋለሁ” አለ። ለሁሉም የሚበቃ ያለው ነገር ልቤ ገባ። ለብቻዋ የሚቀርብላት ነገር ማር ቢሆንም የሕመምተኛ ምግብ ነው። ሌሎቹ ልጆች የሚሻሙበት ነገር ካልሆነ ለበዓል አይበቃም።

ለምን ሽምብራን መረጥኩ? ኢትዮጵያ በአፍሪካ ሽምብራ በማምረት ቀዳሚ ናት፤ በየገበያው አለ። ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበት ከመጣ ዓይን ያየዋል፣ እጅ ይለቅመዋል። ከሁሉም በላይ ግን ለአንድ በዓል የሚበቃውን ያህል ቤት ውስጥ መፍጨት ስለሚቻል ወፍጮ ቤት አያስፈልገውም። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን በዐቢይ ጾም የሽምብራ አሳ ይሠሩ ነበር፤ የሽምብራ ዱቄት በዘይትና በቅመም አቡክተው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው፣ ጠብሰው ወጥ ውስጥ የሚጨምሩት። ወጡን ትተን አሳውን ብቻ ብናወጣው ብስኩት ነው። ዘመናዊ ሰዎች ከእህል የጸዳ ብስኩት እያሉ በውድ የሚሸጡትን አያቶቻችን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

የማዘጋጀቱን ነገር ላውጋችሁ። ሽምብራውን ሁለት ጊዜ እለቅማለሁ፤ አንዴ በቀን ብርሃን፣ አንዴ ደግሞ የልጄ ዓይን ከኔ ስለሚሻል እሷ ትደግመዋለች። ቶሎ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ፀሐይ አሰጣዋለሁ፤ ጎረቤት እህል በማታሰጣበት በኩል። ሲደርቅ በለዘበ እሳት አመስ አመስ አደርገዋለሁ። ቆሎ እስኪሆን አይደለም፤ ሽታው እስኪወጣና ልጣጩ መሰንጠቅ እስኪጀምር ነው። ጥሬ የሽምብራ ዱቄት ይመራል፣ ሆድም ይነፋል፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ብስኩቱን ይጠላዋል። ከዚያ በሙቀጫ ከካ አድርጌ፣ ልጣጩን በሰፌድ አበጥሬ፣ በኤሌክትሪክ የቡና መፍጫ ጥቂት ጥቂት እያደረግሁ እፈጨዋለሁ። በአንዴ ከሞሉት ማሽኑ ይግላል። በወንፊት ነፍቼ የቀረውን እንደገና እመልሰዋለሁ። አንድ ኪሎ ሽምብራ ለኔ 700 ግራም ያህል ዱቄት ይወጣዋል።

ስለ ዕቃው ልብ በሉ። ወንፊቱ፣ ሰፌዱ፣ ሙቀጫው፣ የእንጨት ማማሰያው ለዚህ ብቻ የተገዙ ናቸው። ስንዴ ሲነፋበት የኖረ ወንፊት ቢታጠብም በቀዳዳው ዱቄት ይይዛል። ሰፌድማ አይነሳ። ወጪው ያስመርራል፤ ግን አንዴ ነው።

ለ50 ያህል ብስኩት 250 ግራም የሽምብራ ዱቄት እወስዳለሁ። በዚያ ላይ 5 የሾርባ ማንኪያ ቡላ። ቡላ የእንሰት ነው፤ እህል አይደለም። የእሱ ሥራ ማያያዝ ነው። ሽምብራ ግሉተን ስለሌለው ሊጡ አይለጠጥም፤ ሲዳምጡት ጠርዙ ይፈረካከሳል። ቡላው ነው የሚሰበስበው። ቡላውን ከማውቃት ነጋዴ፣ በዱቄት ሳይሆን በእርጥቡ ገዝቼ ራሴ አደርቀዋለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ለልጆች ስለሆነ ሚጥሚጣ በጣት ቆንጠር ብቻ። ቅመሙም ቤት የተወቀጠ ነው። ቤኪንግ ፓውደር አልጨምርም፤ በአንዳንዱ ውስጥ የስንዴ ስታርች ስለሚኖርበት፣ ደግሞም ለስስ ብስኩት አያስፈልግም።

ደረቁን ከቀላቀልኩ በኋላ 6 የሾርባ ማንኪያ ቀልጦ የበረደ ንጥር ቅቤ አፍስሼ በጣቴ አሸዋለሁ፤ አሸዋ መምሰል አለበት። ከዚያ አንድ እንቁላል፣ ቀጥሎ ውሃ በማንኪያ እየቆጠርኩ። 4 ወይም 5 ማንኪያ ይበቃዋል። ውሃ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ የሽምብራ ዱቄት ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ሸፍኜ ግማሽ ሰዓት አሳርፈዋለሁ። ሳላሳርፈው ስዳምጠው ይሰነጠቃል፣ ከዕረፍት በኋላ ግን ይታዘዛል። በሁለት ንጹሕ ላስቲክ መካከል አድርጌ 4 ሚሊ ሜትር እስኪሆን እዳምጠውና በቡና ሲኒ አፍ ክብ ክብ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። በሹካ ወጋ ወጋ ይደረጋል፤ አለዚያ መሀሉ ይነፋል። ምድጃው 180 ዲግሪ ከሞቀ በኋላ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል። ጠርዙ ወርቅ ሲመስል ማውጣት ነው። ትኩስ ሳለ ለስላሳ ነው፤ ሲበርድ ነው የሚጠረስ፣ አትደንግጡ። ምድጃ የሌለው በምጣድ፣ በጣም በቀዘቀዘ እሳት፣ አክንባሎ ደፍቶ እያገላበጠ መሥራት ይችላል። እንዲያውም የምጣዱ ሽታው ይበልጣል እላለሁ፤ ልጄ በዚህ አትስማማም።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የገና ብስኩት የሚሠራው በጾመ ነቢያት መጨረሻ ነው። ቅቤና እንቁላል ስላለበት እኔም እናቷም መቅመስ አንችልም። ጨው በዛ አነሰ የሚለውን የምትፈርደው ልጅቷ ናት፤ ገና የጾም ዕድሜ አልደረሰችም። ከምድጃ የወጣውን የመጀመሪያውን ብስኩት ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ታኝክና፣ “ትንሽ ጥቁር አዝሙድ” ትላለች። ሁሌም የምትለው እሱን ነው። ቤቱ ውስጥ ሁሉ ሰው የምትበላውን ይቆጣጠርባት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁላችንም አፏን እያየን እንጠብቃለን። ቀድሞ መቅመስ ለሚፈልግ ጿሚ፣ ቅቤውን በዘይት ተክቶ፣ እንቁላሉን ትቶ፣ ቡላውን በአንድ ማንኪያ ጨምሮ ይሠራል። ያኛው ይበልጥ ይሰባበራል እንጂ ጣዕሙ አይታማም።

አምና ገና ላይ ቅደም ተከተሉን ለወጥነው። ብስኩቱ ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ ቀድሞ ቀረበ። ባለቤቴ እጁን ታጠበ፣ መረቀ፣ ብስኩቱን እየሰበረ ለሰባቱም ልጆች አደለ፤ ቢላዋውን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ለወግ ብቻ አይደለም። ዳቦ የነካ እጅ ወደ ብስኩቱ ከገባ ፍርፋሪው ይከተላል፣ ስለዚህ የሷ የግድ ቀዳሚ መሆን አለበት። ልጆቹ ይህን አያውቁም። የሚያውቁት መጀመሪያ የሚቆረሰው ብስኩት መሆኑን ነው። ያቺ ቁራሽ ያቀረቡላት እናትም አንድ ወስደው ቀመሱ፤ ዝም ብለው ሁለተኛ ወሰዱ።

ከዶሮው ወጥና ከአይቡ ጋር ይስማማል። ልጅቷ መረቁን በብስኩት ጠቅሳ ትበላለች፤ በርበሬው የቤት እስከሆነ ድረስ ምንም የለበትም። ለአዋቂ በአዋዜ ጥሩ ነው፤ እሷ ከምትጠቅስበት አዋዜ ውስጥ ግን ጠላ ወይም ቢራ እንዳይገባ፣ ሁለቱም የገብስ ናቸውና። ቡና ላይ የገብስ ቆሎ ሲዞርም ይህ ብስኩት ቦታውን ይይዛል። ለልጅ በአንዴ ሦስት አራት ይበቃል፤ ሽምብራ ነውና ከበዛ ሆድ ይነፋል።

ዘንድሮ አንድ ኪሎ ተኩል ሽምብራ ለቅሜያለሁ፤ አምና የበሉት ልጆች ከየቤታቸው እየደወሉ ስላስጠነቀቁኝ። ዱቄቱ ተነፍቶ በብርጭቆ ዕቃ ተከድኗል፣ የበዓሉ ዋዜማ ሁለት ቀን ሲቀረው ይቦካል። ብስኩቱ በደንብ በርዶ ከተከደነ ሳምንት ይቆያል፤ ካለሰለሰ ለ5 ደቂቃ ወደ ምድጃ መመለስ ነው። ሹካውን የምትወጋው ልጅቷ ናት። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ሦስት መስመር፣ ከዚያ ካነሰ ታስመልሰኛለች።