የከንፈር ምች በመካ ፀሐይ

ዐረፋ ላይ እስከ ማታ ለዱዓ የቆሙ ሐጃጆች አሉ፤ ጅዳ ውስጥ ደግሞ በቀትር ፀሐይ ጣሪያ ላይ ልብስ የሚያሰጡ እህቶቻችን አሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የአንዳንዶቹን ከንፈር ጠርዝ ማቃጠል ይጀምራል። ብዙዎቻችን ወዲያው «ምች መታኝ» እንላለን። ከወጥ ማቁላላት ተነስቶ ድንገት ፀሐይ ላይ መውጣት ምች ያመጣል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ምች የሚባለው ሕመም ብዙ ዓይነት ነው፤ ትኩሳቱም ራስ ምታቱም በዚሁ ስም ይጠራል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ነው።

እናቶቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸው ልክ ነበር። ፀሐይ ግን የምትቀሰቅሰው አስቀድሞ ሰውነት ውስጥ ያለውን ነገር ነው። ይኸውም ሄርፐስ ሲምፕሌክስ አንድ የተባለ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ ሰዎች 3.8 ቢሊዮን የሚሆኑት ይህ ቫይረስ አለባቸው። አብዛኞቹ የያዛቸው በልጅነታቸው፣ በመሳሳም ወይም በምራቅ ንክኪ ነው። ቫይረሱ አንዴ ከገባ አይወጣም። የፊትን ስሜት ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምልክቱን ሳያይ ያልፋል። በሌላው ላይ ግን ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት ወይም የወር አበባ ሲመጣ ይነቃና በነርቩ ተመልሶ ከንፈር ላይ ይወጣል።

አወጣጡ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቦታው ይነዝራል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ቆዳው ላይ ገና ምንም አይታይም። በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ቦታው ይቀላና ተጠጋግተው የበቀሉ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ይወጣሉ። እነሱ ሲፈነዱ ቁስሉ እርጥብ ይሆናል፤ በጣም የሚተላለፈውም ያኔ ነው። ከዚያ ቢጫ ቅርፊት ይይዛል፤ ሲስቁ ወይም ሲያዛጉ ይሰነጠቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይድናል።

መካ ለዚህ ቫይረስ መቀስቀሻ የሚሆኑትን ብዙዎቹን በአንድ ላይ ትሰበስባለች። ሐጅ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ያለፉት ዓመታት የሐጅ ወቅት በሳዑዲ በጋ ላይ ወድቋል። በ2024 እ.ኤ.አ. በመስጂደል ሐረም የሙቀት መጠኑ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። በዚህ ላይ የመንገዱ ድካም፣ የሙዝደሊፋ ሜዳ አዳርና እንቅልፍ ማጣት ይጨመራል። ኢሕራም የለበሰ ወንድ ራሱን በኮፍያ መሸፈን አይችልም፤ ጃንጥላ መያዝ ግን ይፈቀድለታል፣ ሊይዝም ይገባል። ለከንፈር ደግሞ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አለ። በኢሕራም ሽቶ ስለሚከለከል ሽታ የሌለውን ይምረጡ፤ ከበሉና ከጠጡ በኋላም ደግመው ይቀቡ። በሳዑዲ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ደጅ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን መብታቸውን ይወቁ።

ሕክምናው የሚሠራው ሲቀድሙት ነው። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግዳል። መድኃኒቱን በመፍጠር ሥራ ላይ የተሳተፈችው ገርትሩድ ኤሊየን በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዷ ናት። ቅባቱ በመጀመሪያው ንዝረት ተጀምሮ በቀን 5 ጊዜ ለ5 ቀን ያህል ቢቀባ ሕመሙን በመጠኑ ያሳጥራል። ቅርፊት ከያዘ በኋላ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ፀሐይ ባገኘው ቁጥር የሚወጣበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪም ቢያማክር የሚዋጥ መከላከያ ሊታዘዝለት ይችላል። ቴትራሳይክሊን ቅባት ባክቴሪያን እንጂ ይህን ቫይረስ አይነካም። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀቡ። ዳማከሴ በአይጦች ላይ ሲሞከር ትኩሳት እንደሚያበርድ ታይቷል፤ ከቡና ጋር መጠጣቱም ለብዙዎቻችን ማስታገሻ ነው። የከንፈሩን ቁስል እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም፤ ቅጠሉን አሽቶ የተከፈተ ቁስል ላይ ማድረግም ሌላ ኢንፌክሽን ሊያስገባ ይችላል።

ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ሌላውን መጠበቅ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ዘምዘም ሲጠጡ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ኩባያ ይጠቀሙ፤ የከንፈር ቅባትና ፎጣ አይዋዋሱ። ሐጀረል አስወድን (ጥቁሩን ድንጋይ) መሳም ያልተመቸው ሰው በእጁ ማመልከት ይበቃዋል፤ ከንፈሩ የቆሰለ ሐጃጅም ይህን ቢመርጥ ለወንድሙ አዘነለት። ቁስሉን ከነኩ እጅዎን ይታጠቡ፤ በዚያ እጅ ዓይንዎን አይንኩ፤ ቫይረሱ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ ዕውርነት ሊያደርስ ይችላል።

ከሁሉ በላይ አራስ ሕፃን ይጠበቅ። በጅዳ ቤቶች ሕፃን የሚያሳድጉ እህቶቻችንም፣ አገር ቤት ለእንኳን ማርያም ማረችሽ የምንገባ እንግዶችም፣ ከንፈራችን ላይ ምች ካለ ሕፃኑን አንሳም። ለአዋቂ ቀላል የሆነው ይህ ሕመም የአራስን ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ቁስሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ወደ ዓይን ከተጠጋ፣ ወይም ሕመምተኛው ኤችአይቪ፣ ካንሰር ወይም ሌላ የመከላከል አቅም የሚያዳክም ችግር ካለበት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

የከንፈር ምች የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ከሕዝብ ዓይን የሚደበቁበት ምክንያትም የለም። የጉዞ ሻንጣ ሲዘጋጅ ሽታ አልባው የከንፈር ቅባት፣ የአሲክሎቪሩ ቱቦና ጃንጥላው ከኢሕራሙ ጨርቅ ጋር አብረው ይግቡ።