ስለ ባለ ቍልፍ ስልክና ስለ አመራረጡ

በዘመናችን ሰው በኪሱ ይዞ ከሚዞራቸው መሣሪያዎች መካከል በጥቂት አካል ብዙ አገልግሎት የሚሰጥ፣ ዋጋው ለድኻ የማይከብድ፣ ዕድሜውም ከውድ መሣሪያ ዕድሜ የሚረዝም ሆኖ ሳለ፣ ስለ ጠባዩና ስለ አሠራሩ በቂ ነገር ያልተጻፈለት ቢኖር ባለ ቍልፉ ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። በሱቅ ውስጥ በመደርደሪያው በታችኛው ረድፍ ተቀምጦ ይታያል፤ ገዥ መጥቶ አሳየኝ ያለ እንደ ሆነም ሻጩ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለእናትዎ ነው?» ብሎ ነው፤ ተምሬአለሁ የሚል ሰው ለራሱ ይገዛዋል ብሎ አይገምትምና። እኔ ግን ይህ መሣሪያ በራሱ ሕግና በራሱ ጥበብ የቆመ፣ ታስቦበትና ተጠንቶ የተሠራ ፍጹም ነገር መሆኑን ለማስረዳት፣ በተች ስልክ ተሰላችቶ ወደ እርሱ መመለስ ለሚወድ ሰውም በምን በምን መርምሮ ሊመርጠው እንደሚገባ ለማመልከት ይህን ጽፌአለሁ።

ሰው በተች ስልክ መሰላቸቱ ከእርጅና ወይም ካለመማር የሚመጣ ነገር ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ ምክንያቱ ግን በመስተዋቱ በራሱ ባሕርይ ውስጥ ያለ ነው። ከመስተዋቱ ሥር ከኢንዲየምና ከቆርቆሮ ኦክሳይድ የተሠራ፣ ዓይን የማያየው እጅግ ስስ ንጣፍ አለ፤ በዚህም ንጣፍ ላይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ዘወትር ይመላለሳል። የሰው ሥጋ ውሃና ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና፣ ጣት ወደ መስተዋቱ በቀረበ ጊዜ ከዚያ ኃይል ጥቂቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ መሣሪያውም ኃይሉ የተለወጠበትን ስፍራ ለክቶ የተነካው እዚያ እንደ ሆነ ይቈጥረዋል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው በማልቨርን ከተማ በነበረው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን ነው፤ ጥበቡም በእውነት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን መስተዋቱ የሚያውቀው የጣትን ግፊት ሳይሆን የኤሌክትሪኩን መለወጥ ብቻ ስለ ሆነ፣ በእርሻ ወይም በግንበኝነት የደደረ፣ በብርድም የደረቀ ጣት ሲነካው ዝም ሊል ይችላል፤ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍበት ደግሞ ጣት ያረፈበት መስሎት ማንም ያላዘዘውን ይሠራል። እኔ ራሴ በክረምት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ የታመመ ዘመዴ ደውሎልኝ፣ ጥሪውን ለመቀበል እርጥብ ጣቴን በመስተዋቱ ላይ ደጋግሜ ብጎትት ሳይታዘዝልኝ ጥሪው የተቋረጠበት ሰዓት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። መስተዋት ልሙጥ ስለ ሆነም ጣት የሚመራበት ምልክት አይገኝበትም፤ ዓይን ያላየውን እጅ ሊሠራው አይችልም፤ ስለዚህ የዓይኑ ብርሃን የደከመ ሰው የገዛ ስልኩን ለልጅ ልጁ እየሰጠ በሌላ እጅ ለመደወል ይገደዳል።

የቍልፉ አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ከእያንዳንዱ ቍልፍ በታች እንደ ተደፋ ሲኒ ያበጠች ትንሽ የብረት ወይም የጎማ ጉልላት አለች፤ ጣት ሲጫናት ሰርጉዳ ተለያይተው የነበሩትን ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮች ታገናኛለች፤ ጣት ሲለቃትም ወዲያው ወደ ቀድሞ ቅርጿ ትመለሳለች። በዚያች ቅጽበት በጣት ጫፍ የሚሰማው ጠቅታ ትእዛዙ መድረሱን ያለ ዓይን ምስክርነት የሚያረጋግጥ ምላሽ ነው። እጅ ቢረጥብ፣ ጓንት ቢለብስ፣ ቆዳውም ቢደድር ግፊት ያው ግፊት ነው። በ5 ቍጥር ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ጉብታም ያለ ምክንያት አልተቀመጠችም፤ ዓይነ ስውር ከእርሷ ተነሥቶ ሌሎቹን ቍጥሮች ሁሉ በመዳሰስ ያገኛቸዋል። 1፣ 2 እና 3 ከላይ ሆነው መደርደራቸውም እንዲሁ በጥናት የተገኘ ነው፤ በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት ልዩ ልዩ አደራደሮችን በሰዎች እጅ ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1960 ካወጡ በኋላ ይህ አደራደር በዓለም የስልክ ሥርዓት ጸንቶ ቀርቷል፤ በአንዱ ቀፎ የለመደ እጅ በሌላው የማይሳሳተውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ወገን ሁሉ ስሙ ሊነሣ የሚገባው ኖኪያ 1100 ነው። ይህ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጊዜ ባለ ቀለም መስኮት ያላቸውና ፎቶግራፍ የሚያነሡ ስልኮች በገበያ ላይ ነበሩ፤ የፊንላንዱ ኩባንያ ግን ሆን ብሎ እነዚህን ሁሉ ትቶ፣ ፊደሉ በጥቁር ብቻ የሚታይበት፣ ክብደቱ 86 ግራም የሆነ ቀፎ አቀረበ፤ ይህንም ያደረገው የሚገዛው ሰው ማን እንደ ሆነና በምን ዓይነት ምድር እንደሚኖር አስቀድሞ ስላጠና ነው። ትቢያ በበዛበት አገር በቍልፎች መካከል ክፍተት የተገኘ እንደ ሆነ አቧራው ገብቶ ያበላሻቸዋልና፣ የቍልፎቹን ገጽ ሁሉ ከአንድ ወጥ ጎማ ሠርቶ ሸፈነው፤ እጅ በላብ ሲርስ እንዳያዳልጥ የቀፎውን ጎንና ጎን በጎማ አጸናው፤ የኤሌክትሪክ መብራት ባልደረሰበት ስፍራ በሌሊት ለሚወጣ ሰው ደግሞ በቀፎው ራስ ላይ ባትሪ አበራለት፤ ይህም ብርሃን «ሲ» የምትባለውን የላቲን ፊደል የያዘውን ቍልፍ በመጫን ይገኛል። የኃይል ማከማቻው 850 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ሳይነጋገሩበት ከተቀመጠ እስከ 400 ሰዓት ይቆያል ተብሎ ነበር፤ መስኮቱ ጠባብ፣ ሥራውም ጥቂት ስለ ሆነ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። ዓለምም ይህን ትሕትና ተቀበለው፤ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧልና። እ.ኤ.አ. በ2005 ኖኪያ ቢሊዮን የሞላበትን ስልክ በሸጠ ጊዜ ያ ስልክ በናይጄሪያ የተሸጠ 1100 ነበረ።

ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ኖኪያ 1200 ደግሞ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነው። ሠሪዎቹ አንድ ቀፎ ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ መንደር የጋራ ንብረት እንደሚሆን ተረድተው፣ በአንዱ ስልክ ውስጥ እስከ አምስት የሚደርሱ ለየብቻ የሆኑ የስም መዝገቦችን፣ አንድ ሰው የሚነጋገርበትንም ጊዜ ወይም ወጪ የሚወስን መቈጣጠሪያ አገቡበት። ስልክን የአንድ ሰው የግል ዕቃ አድርጎ ብቻ በሚያስብ ዓለም ውስጥ ሆኖ፣ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በአንድ ቀፎ ሲጠቀሙ አንዱ የሌላውን ምሥጢር እንዳይነካ ማሰብ የሰውን ክብር ከማወቅ የሚመነጭ ነው። የኖኪያ የስልክ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ማይክሮሶፍት፣ ከ2016 ወዲህም ስሙ ኤችኤምዲ ግሎባል ወደሚባለው የፊንላንድ ድርጅት ቢተላለፍም የዚህ ስልክ ዘር አልተቋረጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በ15 ዩሮ ዋጋ የወጣው፣ ሳይነጋገሩበትም 35 ቀን ይቆያል የተባለለት ኖኪያ 105 ወራሹ ሆኗል።

በአገራችን ግን የዚህ ስልክ ነገር ከፊደል ነገር ጋር የተያያዘ ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የተጻፈውም በዚያው ዓመት ነው፤ ሆኖም ቀፎዎቹ ፊደላችንን ሳያውቁ ብዙ ዓመት ስለ ቆዩ ሕዝቡ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ መላላክን ለመደ። የቴክኖ ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሽን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ መገጣጠሚያ አቁሞ አማርኛ የሚያነቡና የሚጽፉ ቀፎዎችን ካቀረበ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ዛሬም ቢሆን ግን አማርኛ የማያውቅ ቀፎ በገበያ አይጠፋምና፣ ወደ እርሱ የተላከ የአማርኛ መልእክት በተርታ የቆሙ ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይታያል። አጭር መልእክት በ140 ባይት ተለክቶ የተሠራ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ሲገባበት፣ በእኛ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ ይገባበታል፤ ከዚያ ያለፈው እንደ ሌላ መልእክት ሆኖ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ አካል አጣምሮ ስለሚይዝ በሰባው ውስጥ የሚገባው ቃል ከሚታሰበው የበለጠ ነው።

ባለ ቍልፍ ስልክ የያዘ ሰው ከዘመኑ አገልግሎት ሁሉ ይለያል ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም። ቴሌብርን ኮከብ 127 መሰላል ብሎ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክንም ኮከብ 889 መሰላል ብሎ የሚጠራ ሰው ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ገንዘብ ይልካል፣ ይቀበላል፤ ምርጫዎቹ የተጻፉበት ማኅደር በኔትወርኩ ማእከል የሚገኝ ስለ ሆነ ቀፎው የሚሠራው የመጣለትን ጽሑፍ ማሳየትና የተጫኑትን ቍጥር መመለስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የገበሬዎች መስመር 8028ም ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በድምፅ እየነገረ፣ ማንበብ የማይችል ገበሬ ቍጥር በመጫን ብቻ የሚፈልገውን እንዲያገኝ የተዘጋጀ ነው። በአዲስ አበባም ራይድ የሚባለውን የታክሲ አገልግሎት ለመጥራት 8294 መደወል ይበቃል።

የሚቀርበትም ነገር እንዳለ በግልጽ መነገር አለበት። ቴሌግራም የለውም፤ በውጭ አገር ያለ ልጅን ፊት ለፊት እያዩ መነጋገር አይቻልበትም፤ ካርታ አይገልጥም፤ በሥራው ምክንያት ሰነድ በስልኩ መቀበል ግዴታ የሆነበት ሰውም ሌላ መሣሪያ በቤቱ ማኖር ይኖርበታል። ይህን ጕድለት አስቀድሞ ሳይመረምር የሚገዛ ሰው በሁለተኛ ሐዘን ላይ ይወድቃል።

ገዥው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቀፎው የሚሠራበትን የኔትወርክ ትውልድ ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛው ትውልድ አሁንም ስለሚያገለግል ርካሹ ቀፎ ይበቃል፤ በአሜሪካ ግን ትልልቆቹ የስልክ ድርጅቶች ሦስተኛውን ትውልድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ዘጉ፣ እስራኤልም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመዝጋት ስለ ወሰነች፣ በዚያ ለሚኖሩ ወላጆቹ የድሮ ቀፎ የሚልክ ሰው ዝም ያለ ዕቃ እንደ ላከ ሊሆን ይችላል። ለእነርሱ የሚስማማው እንደ ኖኪያ 105 ባለ አራተኛ ትውልድ ሆኖ፣ ድምፅን በዚያው በአራተኛው ትውልድ የሚያስተላልፍ ባለ ቍልፍ ስልክ ነው፤ ይኸውም የሚኖሩበት አገር የስልክ ድርጅት ተቀብሎ የሚያስተናግደው መሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ቀጥሎም በሱቁ ውስጥ ሳለ የአማርኛ መልእክት ከሌላ ስልክ አስልኮ ይንበብ፤ ሻጩ «አማርኛ አለው» ማለቱ አይበቃም፤ አንዳንዱ ያነባል እንጂ አይጽፍምና። ድምፁንም በጸጥታ ውስጥ ሳይሆን መኪና በሚተላለፍበት ጎዳና ቆሞ ይሞክረው። ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ፣ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው የሳፋሪኮም መስመርም ላለው ሰው ይጠቅመዋል፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ቀፎ ግን በአንደኛው መስመር ሲነጋገሩ ሌላው የማይሰማ መሆኑን ይወቅ። ሬዲዮ የሚወድ ሰው ያለ ማዳመጫ ገመድ ጣቢያ የሚይዝ መሆኑን ይጠይቅ፤ በብዙዎቹ ገመዱ አንቴና ሆኖ የሚያገለግል ነውና። ከዚያም ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲጫን የሚታየውን ባለ 15 አሃዝ የቀፎ መለያ ቍጥር ከባትሪው ሥርና ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክር፤ ያልተስማማ እንደ ሆነ ቀፎውን ይተወው። ባትሪውንም በጠፍጣፋ ነገር ላይ አኑሮ ማበጥ አለማበጡን ይመልከት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ኖኪያ ራሱ ቢኤል 5ሲ ከሚባለው ባትሪ 46 ሚሊዮን የሚሆነው ሲሞላ ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል ብሎ ለመለወጥ ተገድዶ ነበር፤ በየሱቁ የሚገኘውን አስመስሎ የተሠራ ባትሪ መፍራት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ስሞችን ማሻገር ነው። በተች ስልክ ውስጥ ያሉት ስሞች ብዙውን ጊዜ የተመዘገቡት በሲም ካርዱ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ሲሙ ወጥቶ በባለ ቍልፉ ቀፎ የገባ እንደ ሆነ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሲሙ ከመውጣቱ በፊት ስሞቹን በተች ስልኩ ላይ ሆኖ ወደ ሲም ካርዱ መገልበጥ፣ ሲም ካርድም የሚይዘው የተወሰነ፣ ብዙውን ጊዜ 250 ያህል ስለ ሆነ የሚያስፈልጉትን መለየት፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ስም በሲም ላይ ስፍራ ስለሚያጥረው ማሳጠር ይገባል። የተች ስልኩ ሲም ናኖ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባለ ቍልፉ ቀፎ የሚቀበለው ትልቁን ስለ ሆነ፣ ወይ ከጥገና ቤት የፕላስቲክ ማስገቢያ መግዛት፣ ወይም መታወቂያ ይዞ ወደ አገልግሎት ማእከል ሄዶ በዚያው ቍጥር ትልቁን ሲም ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አዲስ ሲም ግን ስሞቹን ይዞ ስለማይመጣ፣ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስሞቹን ከነቍጥራቸው በወረቀት ጽፎ ይያዝ።